ለበረዶ ጎማ ስፋቱ 225 ይሁን ወይስ 205? ግራ ገባኝ

ባለ225 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ አሁን ያላት ጎማ 225/45 አር 17 ነው፤ የበጋ ጎማ። ብርዱ ሳይገባ አራት የበረዶ ጎማ ልገዛ ነው። ስፋቱ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ።

አንዱ ጓደኛዬ «ጠባቡን ውሰድ፣ በረዶውን ሰንጥቆ አስፋልቱ ጋ ይደርሳል» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «መሬት የሚይዘው ሰፊ ጎማ ነው፣ ጠባብማ የብስክሌት ነው» ብሎ ይስቅብኛል። ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው ነው የሚናገሩት። የሹፌሩ በር ሲከፈት ያለውን ተለጣፊ አየሁት። ሁለት ልክ ተጽፎበታል፦ 225/45 አር 17 እና 205/55 አር 16።

መኪናዋ በፊት ጎማ የምትነዳ ናት። ክብደቷ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። አብዛኛውን ቀን ከተማ ውስጥ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን ዳገት አለብኝ፤ እዚያ ደግሞ በረዶ ጠራጊው ቶሎ አይደርስም። የትኛውን ልግዛ?


ጎሚስታው

205/55 አር 16። አለቀ።

እሺ ላብራራ፣ አለበለዚያ አትለቁኝም። ጎማ ማውለቅና ማልበስ ሥራዬ ነው። ሰው ሁሉ ጥያቄውን የሚጀምረው ከመሀል ነው። «የትኛው ስፋት ይሻላል?» ከማለትህ በፊት «ለመኪናዬ የትኛው ተፈቅዶላታል?» በል። ያንን ተለጣፊው መልሶልሃል። ፋብሪካው ሁለት ልክ ከፈቀደ ለበረዶ ጠባቡን ያዝ። ከተፈቀደው በታች ግን አትውረድ።

ለምን ጠባብ? ገና የወረደ ለስላሳ በረዶ ላይ፣ ወይም ግማሹ ቀልጦ ጭቃ የመሰለው ላይ ስትሄድ፣ ጎማው ከፊቱ ያለውን እየገፋና እየጨፈለቀ ነው የሚያልፈው። ሰፊ ሲሆን የሚገፋው ይበዛበታል። ሲበዛበት ላዩ ላይ ይወጣና መንሳፈፍ ይጀምራል። መሪውን ታዞራለህ፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የደረሰበት ያውቀዋል። ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይም ያው ነው፤ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ቀድሞ የሚንሳፈፈው ሰፊው ነው።

ቁጥሩን ለማታውቁት፦ 225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 45 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ስታሰላው 225/45 አር 17 ከመሬት እስከ አናቱ 634 ሚሊ ገደማ ይመጣል። 205/55 አር 16 ደግሞ 632። ቸርኬው ሲያንስ ጎኑ ስለሚረዝም ይካካሳል። የፍጥነት ቆጣሪህ ላይ ለውጥ አታይም።


ደረቅ አስፋልት

እኔ አልስማማም። በረዶ ወቅት በሚባለው ጊዜ እንኳ ብዙውን ቀን የምንነዳው ጥቁር አስፋልት ላይ ነው። ተጠርጓል፣ ጨው ተበትኖበታል፣ ወይ እርጥብ ነው ወይ ደረቅ። እዚያ ላይ ሰፊ ጎማ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይቆማል፤ ኩርባ ላይም አይወላገድም። 205/55 ጎኑ ረጅም ነው። መሪውን ስታዞር መጀመሪያ ጎማው ይተጣጠፋል፣ ከዚያ ነው መኪናዋ የምትከተለው። ለጥቂት የበረዶ ቀናት ብዬ ወራቱን ሙሉ ለምን ልወላገድ?

ሌላም አለ። መኪና የተመላለሰበት የተጠቀጠቀ በረዶና መስታወት የመሰለ ግግር ላይ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። እዚያ የሚሠራው ጎማው ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው። ሰፊ ጎማ ደግሞ ስንጥቁ ይበዛለታል። እኔ ሁሌም በ225 ነው የምነዳው፣ እስካሁን አንድም ቀን ከመንገድ አልወጣሁም።


ጎሚስታው

«እስካሁን አልወጣሁም» ማስረጃ አይደለም ወንድሜ። የግግሩን ግን ልስጥህ፤ ግግር ላይ በ205ና በ225 መካከል ብዙ ወሬ የሚያስነሳ ልዩነት የለም። ደረቅ አስፋልትም ላይ ልክ ነህ። ልጁ ግን ዳገት አለኝ፣ ጠራጊው አይደርስም ብሏል። አንተ የምታወራው ስለ ራስህ መንገድ ነው።


ካልኩሌተር

የጠያቂው ሁለተኛ ጓደኛ «መሬት የሚይዘው ሰፊ ጎማ ነው» ያለው ልክ ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው።

1,500 ኪሎ ለአራት ጎማ ሲካፈል 375 ኪሎ ነው። (ሞተሩ ፊት ስለሆነ የፊቱ ይከብዳል፣ ለጊዜው እንተወው።) ጎማው 2.3 ባር ነፋስ ካለው መሬት የሚነካው ቦታ በግምት 160 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። እጃችሁን ከነጣታችሁ ዘርግታችሁ መሬት ላይ ብታሳርፉ ያን ያህል ነው። መኪና ሙሉ ቤተሰብ ይዞ የሚቆመው በአራት እጅ መዳፍ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ስፋት የሚባል ነገር አልገባም። የገባው ክብደትና የነፋሱ ግፊት ብቻ ነው። የጎማው ጎን ራሱ የሚሸከመው ትንሽ ክብደት ስላለ ቁጥሩ ፍጹም አይደለም። ነገሩ ግን ይኸው ነው።

ታዲያ ስፋት ምን ይቀይራል? ቅርጹን። ሰፊው ወደ ጎን ዘርጋ፣ ወደ ፊት አጠር ብሎ ይነካል። ጠባቡ ጠበብ ብሎ ይረዝማል። በረዶ ላይ የሚጠቅመው ያ ርዝመት ነው። ፊተኛው ክፍል እየጨፈለቀ መንገድ ይከፍታል፣ ኋለኛው በተከፈተው ላይ ይቆነጥጣል። ስለዚህ «ጠባብ ጎማ መሬቱን በኃይል ይጫናል» የሚባለው፣ ነፋሱ እኩል ከሆነ ብዙም አያስኬድም። ጥቅሙ ከፊቱ የሚገፋው ማነሱ ነው።

ያም እንዳይጋነን። ከ225 ወደ 205 ስትወርዱ የሚቀነሰው 20 ሚሊ ነው። 9 በመቶ ገደማ። ልዩነት ነው፣ ተአምር አይደለም።


ጎሚስታው

እኔ እስከዛሬ «ይጫናል» እያልኩ ነበር ለደንበኛ የማስረዳው። በል እንግዲህ።


ቸርኬ አጣማሚ

ስሜን አይታችሁ ታሪኩን ገምቱ።

እኔም እንደ ጠያቂው 225/45 አር 17 ነበረኝ። ጠባብ ይሻላል ሲባል ሰማሁ። አዲስ ቸርኬ መግዛት ግን አልፈለግኩም። «ያው 17 ቸርኬ ላይ ጠባብ ጎማ አለብሳለሁ» ብዬ 205/45 አር 17 ገዛሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የገጠመልኝም ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

መጀመሪያ ያየሁት የፍጥነት ቆጣሪውን ነው። ቆጣሪው 100 ሲል ስልኬ 97 ይላል። ለካ 45 ከመቶ የተባለው ከስፋቱ ነው! ስፋቱ ሲያንስ ጎኑም አብሮ አነሰ። ጎማው ከ634 ወደ 616 ሚሊ ወረደ። መኪናዋም የዚያን ግማሽ ያህል ወደ መሬት ቀረበች፤ በረዶ ወቅት ላይ ደግሞ የምትፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ጎማው ላይ የክብደት ቁጥር 84 ተጽፎበታል። 84 ማለት ለአንድ ጎማ 500 ኪሎ ነው። የድሮው 91 ነበር፣ 615 ኪሎ። እኔ ያንን ቁጥር ጭራሽ አይቼው አላውቅም ነበር። አራት ሰውና ሻንጣ ይዤ ስሄድ በረዶ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ቸርኬው ተጣመመ፣ ጎማው ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አወጣ። ስኮርታ ደግሞ አልነበረኝም፣ ዘመናዊ መኪና ነው ተብሎ የመድፈኛ ፈሳሽ ብቻ ነው የሰጡኝ። ያበጠ ጎማ በፈሳሽ አይዳንም።

ጠባብ ከፈለጋችሁ ቸርኬውም አብሮ ይውረድ። ካልሆነ ባለበት ተዉት።


ባለ225 (ጠያቂ)

ኧረ እኔም ያንኑ ላደርግ ነበር! በጊዜ ደረሳችሁልኝ። ስለዚህ 16 ቸርኬ መፈለግ አለብኝ ማለት ነው። ያገለገለ አራት ቸርኬ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ከሌላ ሞዴል የወጣ ነው፣ «ይገባል» ይላል። ምን ልጠይቀው?


ጎሚስታው

«ይገባል» የሚል ሻጭ ሁሉ እኔ ጋ መጥቶ በነጻ ቢሠራ ጥሩ ነበር።

መጀመሪያ የቡሎኑ ቀዳዳ። ስንት ነው፣ ክቡ ስንት ሚሊ ነው? 5 በ112 የሚል ካለህ 5 በ114.3 አይሆንልህም። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለቡሎን ግን አይደሉም። መሀሉ ላይ ያለው ትልቁ ቀዳዳም ልኩ ካልሆነ ወይ አይገባም፣ ወይ ሰፍቶ መሪውን ያንቀጠቅጥብሃል። የሰፋው በቀለበት ይስተካከላል። የጠበበው በምንም።

ከዚያ ኢቲ የሚባለው ቁጥር አለ። ቸርኬው ላይ ተቀርጿል። ጎማው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ከፋብሪካው ብዙ ከራቀ ወይ ፓራፋንጎውን ይፈገፍጋል፣ ወይ ውስጥ ካለው አሞርዛተር ጋር ይጋጫል።

የቸርኬው ስፋት ደግሞ በኢንች ነው፣ ከቁጥሩ ኋላ ጄ ይጻፋል። 205/55 አር 16 ከ5.5 ጄ እስከ 7.5 ጄ ድረስ ይለብሳል። 6.5 ጄ ካገኘህ ልክክ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳው፦ ፍሬኑ። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ዓመት፣ ሞተሩ ግን ትልቅ ከሆነ የፊት ፍሬኑም ትልቅ ነው። 16 ቸርኬ የፍሬኑን አካል ይነካል፣ አይዞርም። ያንተ ተለጣፊ ላይ 16 ስላለ ፋብሪካው የሠራው 16 እንደሚገባ ይታወቃል። የሌላ ሞዴል 16 ግን ውስጡ ሌላ ቅርጽ ሊኖረው ይችላል። ከመክፈልህ በፊት አንዱን ፊት ላይ አስረህ በእጅህ አዙረው። አምስት ደቂቃ ነው።

ቡሎኑንም እይ። የአንዳንዱ አናቱ ሥር ሾጣጣ ነው፣ የአንዳንዱ እንደ ኳስ ክብ ነው። ካልገጠመ የጠበቀ ይመስልሃል እንጂ አልጠበቀም።


ዳገት ነዋሪ

እኔ የምኖረው ጠራጊው የማይደርስበት ላይ ነው፣ ስለዚህ ይህን እኔ ልናገር።

ማንም ያላነሳው ነገር ሰንሰለት ነው፤ ጥልቅ በረዶ ላይ ጎማው ላይ የሚታሰረው። የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ አውጡና ሰንሰለት የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ብዙ ጊዜ ሰንሰለት የሚፈቀደው ለተወሰነ የጎማ ልክ ብቻ ነው፤ ያም ጠባቡ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰፊ ጎማ ከጀርባው ያለው ክፍተት ትንሽ ነው፣ ሰንሰለት ሲጨመርበት ብረት ከብረት ይጋጫል። እኔ ጠባቡን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ጥልቁ በረዶ ላይ ሰንሰለት አለማሰር አማራጭ አይደለም።

ደግሞ «ጠባብ ሁሌም ይሻላል» የሚለውን አትመኑ። ጠባብ የሚሠራው ከበረዶው በታች ጠንካራ ነገር ሲኖር ነው። ታቹ የማይገኝ በረዶ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በአይስላንድ የበረዶ ግግር ላይ የሚነዱትን መኪኖች አይታችሁ ከሆነ ጎማቸው ግዙፍና ሰፊ ነው። ነፋሱንም እጅግ ይቀንሱታል፣ ጎማው ዘርጋ ብሎ ላዩ ላይ እንዲሄድ። እነሱ መስጠም አይፈልጉም። እኛ ደግሞ ሰጥመን አስፋልት ማግኘት ነው የምንፈልገው። ስለዚህ የእነሱን ቪዲዮ አይቶ ለከተማ መኪና ሰፊ ጎማ የሚገዛ ሰው ካለ፣ በቃ።


የብስክሌት ጎማ

ጠባብ ጎማ የብስክሌት ነው ላለው ጓደኛ ሰላም በልልኝ። ቢኤምደብልዩ አይ3 የምትባለው የኤሌክትሪክ መኪና 155/70 አር 19 ጎማ ይዛ ነው ከፋብሪካ የወጣችው። ስፋቱ 155! ቁመቱ ግን 70 ሴንቲ ነው። ጠባብና ረጅም። የኔን መጠሪያ ስም የሰጠችኝ እሷ ናት።


ባለባትሪ

ኤሌክትሪክ ካነሳችሁ አይቀር። የእኔም ኤሌክትሪክ ናት፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ከሁለት ቶን ትበልጣለች። ጠባብ ልግዛ ብዬ ስነሳ የክብደት ቁጥሩ አልበቃ አለኝ። ቸርኬ አጣማሚ ያለው ያ ቁጥር ቀልድ አይደለም። 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 94 ማለት 670 ኪሎ። አንዳንዱ ልክ በሁለቱም ይሠራል፣ 94ቱ ላይ ኤክስኤል የሚል ይጻፍበታል። ሻጩ ስፋቱን ሲነግራችሁ ያንንም ጠይቁት። እኔ በመጨረሻ ከተለጣፊው አልወጣሁም፣ ሰፊውን ገዛሁ። ከማይሸከም ጠባብ የሚሸከም ሰፊ ይሻላል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለት ብቻ ገዝቼ ፊት ላይ ባደርግስ? ኋላ ያለው ገና አዲስ ነው።


ጎሚስታው

አይሆንም እህቴ። ፊቱ ይይዛል፣ ኋላው ይሸሻል። ኩርባ ላይ ፍሬን ስትይዢ መኪናዋ ዞራ ከመጣሽበት ታይሻለች። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። በአራቱም ጎማ የምትነዳ ከሆነች ደግሞ የግድ ነው፤ የጎማዎቹ ዙሪያ ከተለያየ ማርሹ ውስጥ ያለውን ዕቃ ይበላዋል።


ደረቅ አስፋልት

እሺ፣ እኔም ትንሽ ልመለስ። ጠራጊ ለማይደርስበት ዳገት 205 ይሁንለት። ግን ይህ ሁሉ ሰው ስለ 20 ሚሊ ሲከራከር ዋናውን ረስቶታል፤ ላስቲኩን።

የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየደረቀ ይሄዳል። በረዶ ባይኖርም እንኳ አያያዙ ይቀንሳል። የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድ እንደለሰለሰ ይቆያል። ጠባብ የበጋ ጎማና ሰፊ የበረዶ ጎማ በረዶ ላይ ብታወዳድሩ ውድድሩ ሳይጀመር አልቋል። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን ፈልግ፦ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሀሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት። ያ ምልክት የሚሰጠው ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ነው። ኤምኤስ የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ፈተና ሊጻፍ ይችላል።

የተሠራበትንም ቀን እይ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። 3523 ካለ የ2023 ዓ.ም. 35ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጅ። የቆየ ላስቲክ ስፋቱ ምንም ቢሆን ደርቋል። ያገለገለ ከገዛህ ደግሞ ጥርሱን ለካ። በብዙ አገር ሕጉ 1.6 ሚሊ ይላል፤ ለበረዶ ግን ከ4 ሚሊ በታች ሲሆን እኔ አልነዳበትም።

በነገራችን ላይ በጣም የሚያንሸራትተው ግግር ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው ነው፣ ላዩ ላይ ውሃ ስለሚኖረው። በጣም ሲበርድ ይሻላል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያስበው።


ካልኩሌተር

በዚያው ነፋሱንም ጨምሩበት። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጎማው 0.1 ባር ገደማ ይቀንሳል። ሞቃት ጋራዥ ውስጥ 2.3 የሞላ ሰው ውጭ ብርድ ላይ ሲያድር ከ2.1 በታች ሊያገኘው ይችላል። ለጠባቡ ልክ የሚፈቀደው ነፋስ ከሰፊው ሊለይም ይችላል፤ ተለጣፊው ላይ ከየልኩ ጎን ተጽፏል። ስለ ስፋት ሦስት ቀን የተከራከረ ሰው ነፋሱን ሳይለካ ሲነዳ አይቻለሁ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።


ባለ225 (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። 205/55 አር 16 ገዛሁ፣ 91 የሚል፣ ተራራውና ቅንጣቱ ያለበት። ያገለገሉትን ቸርኬዎች ግን ተውኳቸው። ጎሚስታው እንዳለው አንዱን ፊት ላይ አስሬ ሳዞረው የፍሬኑን አካል ፈገፈገ። ሻጩም «ትንሽ ሞረድ ብታደርገው» አለኝ። አመስግኜ ሄድኩ። ለመኪናዋ ልክ የሆነ 6.5 ጄ ሌላ ቦታ አገኘሁ።

ትናንት ዳገቱን ወጣሁት። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ በረዶ ነበር። ሁለት ቦታ ተንሸራተተች፣ ግን ያዘች። አስፋልት ላይ ደረቅ አስፋልት ያለው እውነት ነው፤ መሪው ትንሽ ላላ ይላል፣ ኩርባ ላይ ቀስ እላለሁ።

አሁን ከፊት በግራ በኩል ቀጭን ድምፅ እሰማለሁ። ጎማው ከተቀየረ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻለሁ።


ጎሚስታው

ቡሎኖቹን ደግመህ አጥብቀሃል?


ባለ225 (ጠያቂ)

ደግሜ?


ጎሚስታው

አሁን ቁም። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠብቃል። በመመሪያው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ፣ በመስቀልያ ተራ። በእግርህ እየዘለልክበት አይደለም። አጥብቀህ ድምፁ ካለቀ ንገረን፣ ካላለቀ አምጣት።


ባለ225 (ጠያቂ)

አንዱ ሩብ ዙር ዞረ። ድምፁ የለም።